የከለላ ልጆች እናት

እማዬ፣ የኔ ዓለም፣

ካረፍሽ ዓመት አለፈሽ። ደህና ነን። አባዬ ወጥ መሥራት ለምዷል፤ ጨው ግን ያበዛል። ስታማርሪበት የኖርሽው የደጃችን ጭቃም ድንጋይ ተነጠፈበት። ሳታዪው ቀረሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሰዓዳ ነው። ለሙት ዓመትሽ ከከለላ ወረዳ መጥታ ከእኔ በላይ አለቀሰች። በአራት ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ልጅ ኋላ በኑሮው ምን እንደሚያተርፍ ልታጠኚ እዚያ ስትሄጂ፣ መዋዕለ ሕፃናት ካስገባሻቸው ልጆች አንዷ ናት። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትጨርሳለች።

አጠገቤ ተቀምጣ ታወራኝ ጀመር። ወንዝ ሲሞላ አዝለሽ አሻግረሻታል። ጠጠር እያስለቀምሽ ቁጥር አስተምረሻታል። «ታድለሽ፣ እሷን የመሰለች እናት» አለችኝ። ቀናሁባት።

እኔ በዚያው ዕድሜዬ መካነ ሰላም ከአባዬ ጋር ነበርኩ። ፀጉሬን የሚጎነጉንልኝ እሱ ነበር፤ አንዱ ጉንጉን ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን እየሆነ ልጆች ይስቁብኝ ነበር። አንቺ አቧራ ለብሰሽ ትመጪና እራት ላይ የምታወሪው ስለ ከለላ ልጆች ነበር፤ ማን ስሙን እንደጻፈ፣ ማን እስከ ሃያ እንደቆጠረ። እኔ እኮ እስከ መቶ እቆጥር ነበር፣ እማዬ። ማን ጠየቀኝ?

አንድ ጊዜ ብቻ ወረኢሉ ይዘሽኝ ሄድሽ። አውቶቡስ ውስጥ ጭንሽ ላይ ተኛሁ፤ እንዳልነቃ ብለሽ እግርሽ እስኪደነዝዝ ሳትነቃነቂ ደረስን። ያቺን መንገድ ለሰዓዳ አልነገርኳትም።

«ስለ እኔ ታወራችሁ ነበር?» ብዬ ግን ጠየቅኳት። «ልጅ ነበርኩ፣ አላስታውስም። አብሽሪ» አለችኝ። ብትዋሸኝ ይቀለኝ ነበር።

ልትሄድ ስትነሳ ጋቢሽን ለመታሰቢያ ለመነችኝ። አባዬ ስጫት በሚል ዓይን አየኝ። አልሰጠኋትም። እሷ ግን አልተቀየመችኝም። «እንግዲያው ለምርቃቴ ነይልኝ። በእሷ ወንበር ሌላ ሰው እንዲቀመጥ አልፈልግም» አለችኝ።

እሄዳለሁ። ቅናቴ አልበረደም፤ ቢሆንም ስሟ ሲጠራ አጨበጭብላታለሁ፤ ልፋትሽ ናትና። ሥራሽን እነሱ ያስታውሱልሽ፤ ብዙ ናቸው። ሳቅሽን፣ ሳልሽን፣ ስትቆጪ የሚጠበውን ዓይንሽን ግን አንቺ ዘንድ እስክመጣ ድረስ እኔ እይዝልሻለሁ። ይህን ለማንም አላካፍልም።

የወለድሽኝ ልጅሽ