ሥሩ የሸፈነው ማሞቂያ

ደባርቅ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሃብተ ጊዮርጊስ፣ ለባለቤትህ ለፍቅርአዲስ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለስጦታ፤ የእናታችሁ ሰላምታ ካላችሁበት ይድረሳችሁ።

የወንድምህ የድረስ መርዶ በደረሰኝ ቀን ዳባት አክስትህ አረጋሽ ቤት ነበርሁ። መብራት ከሄደ ሰንብቷል። ከሰዓት በኋላ አምፖሉ ድንገት በራ። የሠፈሩ ልጆች «መጣ!» እያሉ ወደ ደጅ ወጡ፤ አረጋሽም እልል አለች። እኔ «ተመስገን፤ ዛሬስ የድረስ የገንዳ ዓሣዎች ከብርድ ወጡ» ብዬ ሳቅሁና ስልኬን ቻርጅ ሰካሁ። የዳባትና የደባርቅ መብራት አብሮ ሄዶ አብሮ እንደሚመጣ ታውቃለህ። ወዲያው ጎረቤታችን እንዳለው ደወለ። «እትዬ ዓለምዬ፣ ድረስን ትንሽ አሞታልና ይምጡ» አለኝ። ትንሽ ላመመው ሰው እናቱን ከዳባት አይጠሩም። ሚኒባሱ ደባርቅ መግቢያ ሲደርስ የሠፈራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገድ ዳር ቆመው አየሁ። ከዚያ ወዲያ ማን እንዳወረደኝ አላውቅም።

ለአንተ «ልቡ ነው፤ ድንገት ነው» ተብሎ ተነገረህ። መንገዱ ተዘግቶ ለቀብሩ ስላልደረስህ ከዚህ የተለየ የሚነግርህ ሰው አላገኘህም። ልጄ፣ ልቡ አልነበረም። ይህ የማላነሳው ነገር ነበር፤ ባለፈው እሑድ በስልክ የነገርኸኝ ነው ብዕር ያስያዘኝ።

«እማ፣ የድረስን ሥራ አላቋረጥሁትም» አልኸኝ። «የኔም ሐረግ ጣሪያ ሊነካ ነው። ስጦታማ እጇን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ከትታ ሥሩን እንደ ጸጉር ታበጥረዋለች።» ከኋላህ ሆና «አያቴ፣ ሹሩባ ልሠራለት ነው!» ስትል ሰማኋት። የገንዳው ውሃ ማሞቂያስ ብዬ ብጠይቅህ «አይዞሽ፣ የምናጸዳው መብራት ሲሄድ ነው፤ ድረስ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው» አልኸኝ። ለማስታወሻ ይሆነኝ ዘንድ የሱን ማሞቂያ ላኪልኝም አልህ። አባትህ አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር እውነቱን ሳልነግርህ ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ ልነግርህ ብደውል ኔትወርክ የለም። እስከ ዛሬም የለም። አለነ ነገ በጭነት መኪናው ወደ ደብረ ብርሃን ስለሚወጣ በእሱ እጅ እልክልሃለሁ።

ድረስ ነገሩን ሲጀምር የተጣላነውን ሳይነግርህ አይቀርም። በጣሳ ያሳደግሁትን ሐረግ ነቅሎ፣ አፈሩን አጥቦ፣ ሥሩን ራቁቱን ሲያስቀረው «አንተ ልጅ፣ ተክሌን ገደልህብኝ!» ብዬ ጮኽሁበት።

«እማ፣ ቅጠሉ ከውጭ፣ ሥሩ ብቻ ከውሃው» አለኝ። «ዓሣዎቹ ያቆሽሻሉ፣ እሱ ቆሻሻውን ይበላል። ከአንቺም የተሻለ ቤት ያጸዳል።»

አባትህ ከደጅ ሲገቡ ቆም ብለው አዩና «ሥሩ የሚታይ ነገር አልወድም» አሉ።

«አባባ፣ እርስዎ የማይታየውን ሲያስተምሩ ነው የሚውሉት፤ ይኼ እንኳ ይታይ!» ሲላቸው፣ አባትህ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ከት ብለው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሐረጉ ግን ልክ አጣ። መስኮቱን አልፎ በግድግዳው ዞረ። ሥሩ መጀመሪያ እንደ ክር ነጭ ነበር፤ በኋላ ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ተነከረ ሱፍ መስተዋቱን ሞላው። ዓሣዎቹ አልፎ አልፎ ብቻ ብልጭ ይላሉ። ማሞቂያውማ ጨርሶ አይታይም፤ ቀይ መብራቷ ብቻ ከሥሩ መካከል እንደ ተዳፈነ ፍም ትታያለች። ደጋግሜ «ይህን ነገር አሳንሰው» አልሁት። «እከረክመዋለሁ፣ መብራት ሲሄድ» ይለኛል።

በመርዶው ቀን ሊከረክመው ገባ። ሶኬቱን አልነቀለም፤ መብራት የለማ፣ ለምን ብሎ ይንቀል። በባዶ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ሥሩ ውስጥ ከቷል። እኔ ዳባት ላይ ልጆቹ «መጣ!» ሲሉ ስሰማ፣ እዚህም የሠፈራችን ልጆች እንደዚያው ብለው ነበር አሉ።

የመብራት ባለሙያው ገሠሠ ማሞቂያውን አውጥቶ አየው። «ጠርሙሱ እንደ ጸጉር በቀጠነ ስንጥቅ ተሰንጥቋል» አለን። «ሥሩ ስለሸፈነው ማንም አያየውም። ሥሩ ተጠምጥሞበት ሲጎተት ይሆናል የተሰነጠቀው። መብራት ሄደ ብሎ እጅ አይከተትም፤ ሶኬት ይነቀላል።» ከዚያ ሰባብሮ ጣለው። ስለዚህ የምልክልህ ማሞቂያ የለም።

አንተ ሁለት ገዝተህ አንዱን ለራስህ አስቀርተህ አንዱን ለወንድምህ እንደላክህ ሁላችን እናውቃለን። አባትህ ለቅሶ ላይ ዘመዶቹን ሰብስበው «ለሃብተ ጊዮርጊስ ልቡ ነው በሉት። አንዱን ቀብሬ ሌላውን በቁሙ አልቀብርም» አሉ። እኔም ለአንተ ብዬ እሺ አልሁ። ልጄ፣ አንተ የላክህለት ሙቀት ነው። የደባርቅን ብርድ ስለምታውቅ ላክህ። ከኔ አፍ ከዚህ ሌላ ቃል አትሰማም፤ ሌላ ሰው ቢናገርህም አታድምጠው።

ገንዳው አሁንም በድረስ ክፍል ውስጥ ነው። ደፍሮ የሚያወጣው ጠፋ። ዓሣዎቹ በብርዱ አልቀው ከታች ተኝተዋል። ሐረጉ ግን በዚህ ሁሉ ውርጭ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ምን እየበላ እንደሚያድግ ማሰብ አልፈልግም። በሩን ዘግቼዋለሁ፤ አንዱ ጫፍ በበሩ ሥር ወጥቶ ዛሬ ጠዋት ረገጥሁት።

እዚህ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። እናንተ ዘንድ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሄዶ ከሆነ ልጅቱ ወደ ገንዳው ትቀርባለች። እጇን ታስገባለች። መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ማን ያውቃል። ከእሑድ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያችን ትንሽ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ አባትህ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ልደብቀው ስል አዩኝ። ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው አነበቡት። ይቀዳድዱታል ብዬ ፈራሁ።

«መሪጌታ፣ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ልጅቱ እጇን ትከታለች» አልኋቸው።

ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ «አንቺ፣ ዋናውን ነገር ከታች አስቀመጥሽው። የሚያለቅስ ሰው እስከ ታች አያነብም» አሉኝ።

ለቅዱሳን ስም ብቻ የሚያወጡትን ቀይ ቀለም አወጡ። ፖስታው ላይ በትልልቅ ፊደል «ከመክፈትህ በፊት የገንዳውን ሶኬት ንቀል፤ ልጅቱን አርቃት» ብለው ጻፉ። ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። አለነን ጠርተውም እንደ ተማሪያቸው አስቀጸሉት፤ እየጠየቁ ቃሉን በቃሉ አስያዙት።

«ምን ትለዋለህ?»

«ሰላምታ ሳልሰጥ፣ ሶኬቱን ንቀል እለዋለሁ።»

«ቤት ባይኖርስ?»

«ፍቅርአዲስን እላታለሁ።»

«እሷም ባትኖር?»

«ገብቼ ራሴ እነቅለዋለሁ፣ መሪጌታ። ሌባ ብለው ቢያስይዙኝም።»

ስለዚህ አለነ ሳይጨብጥህ ገብቶ ከሆነ አትቀየመው።

ልጄ ሃብቴ፣ ገንዳውን አፍስሰው። ሐረጉን ከወደድኸው በአፈር ትከለው። ማሞቂያውን ለማንም አትስጥ። ለድረስ ብለህ የምታቆየው ነገር ከፈለግህ እኔ ጋቢውን እልክልሃለሁ፤ ሽታው ገና አለቀቀውም። ለስጦታ ምክንያቱን አትንገራት፤ አያትሽ ከለከለች በላት፣ እኔን ትጥላኝ። ይህን ካነበብህ በኋላ ብቻህን አትቀመጥ፤ ከፍቅርአዲስ ጋር አልቅሱ። ወንድምህን የሰጠን፣ የወሰደውም አምላክ አንተን ያቁምልኝ፤ ልጅህን ከውሃም ከእሳትም ይጠብቅልኝ፤ ደጅህን የሰላም ያድርገው። መልስህን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እናትህ ዓለምዬ

አርባው ወጥቷል፤ ጸሎቱ ግን አይቋረጥ። በቅዳሴ ስታስጠሩት ድረስ አትበሉ፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሩፋኤል ነው። ይህች ወረቀት እጃችሁ የገባች ሁሉ፣ ብታውቁትም ባታውቁትም፣ ለወልደ ሩፋኤል አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት። ነፍሱን ብርድ ከሌለበት ያኑርልኝ በሉ።