ኮምፒውተሩ የማያነበው መስመር

እንቅልፋሙ፣

አዲሱ ሥራዬ አጠገብ ክፍል አግኝቼ ወጥቻለሁ። አልቀሰቀስኩህም፤ ብቀሰቅስህስ መቼ ትነሳለህ! ቁልፌ ጫማህ ውስጥ ነው። የማድ ቤቱ ቧንቧ ስለሚያንጠባጥብ ባልዲውን ሳይሞላ ድፋው።

አብረን የሠራነው የኮምፒውተር ጨዋታ ተገኝቷል።
በእህትህ ስልክ ላይ ተጭኖ የቀረውን ወስጄ፣ እንደ ሹራብ ወደ ኋላ ተርትሬ ኮዱን አወጣሁት። ሦስት ሳምንት በላብኝ። የጨዋታው ቀንድ አውጣ ይሮጣል፤ ያ ያንገበገበህ ድልድይም አይወድቅም። ፍላሹ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሁለት ቦታ ገልብጠው። «ዲስክ ላጽዳ» ብሎ የሁለት ዓመት ሥራ ያጠፋ ሰው አይታመንም።

በኮዱ ዳር እንጻጻፋቸው የነበሩት ኮሜንቶች ግን አልተመለሱም። ኮምፒውተሩ ስለማያነባቸው ጨዋታው ተገጣጥሞ ሲወጣ ይጥላቸዋል። «ይህን መስመር የነካ እጁ ይሰበር» ያልከኝ፣ «ራትህ ድስቱ ውስጥ አለ፣ መጀመሪያ ብላ» ያልኩህ፣ አንዱም የለም።
ለካ ከአንተ ጋር የማወራው እዚያ ብቻ ኖሯል። ከጠፋ ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ የሚናገረው ቧንቧው ነው።

ጨዋታውን ያጠፋህ ቀን የተናገርኩህን አንተም አልረሳኸው፣ እኔም አልረሳሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱን ተርትሮ የሚመልስ ፕሮግራም የለም።

ቀንድ አውጣው ድልድዩን በሚሻገርበት ኮድ ዳር አንድ አዲስ ኮሜንት ጽፌልሃለሁ።
ጨዋታውን ብትጫወት አይታይህም። ኮዱን መክፈት አለብህ።