የስምንት ዓመቷ ጨቅላ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለከማል፤ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ? የጆሃንስበርግ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እማማ ከስተህ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላለች፤ ሳትዋሽ ጻፍ።

ይህን ወሬ በስልክ ብነግርህ ካርዱ ከመሀል ያልቃል፤ ስለዚህ ጽፌ ወደዚያ ለሚሄደው ለጎረቤታችን ለሀይደር ሰጠሁት።

እኔ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የነርስ ተማሪዎቹም የግብርናዎቹም የኮምፒውተር ኮርስ ይወስዳሉ። ኮርሱ ግን ሽምደዳ ብቻ ነበር። ፈተናውን ያልፋሉ፣ ማሽኑን ግን እንደሚናከስ ውሻ ይፈሩታል። ተናደድኩና አዲስ ነደፍኩ፦ ሁሉም ከገዛ ትምህርቱ ጥያቄ ያምጣና በኮምፒውተር ይሥራው። የፋኩልቲው ኃላፊ አቶ ቸኮል፣ "በአንድ ክፍል ሞክሪው፤ መጥቼ አያለሁ። ካልሆነ ወደ ድሮው እንመለሳለን" አሉኝ።

እሳቸው በመጡ ቀን ነርሶቹ የየዘመዶቻቸውን ሕፃናት የልደት ቀን አስገብተው ዕድሜ ያሰላሉ። ገነቴ የምትባል የሙዱላ ከተማ ልጅ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር የእህቴን ልጅ ስምንት ዓመት አደረጋት! ገና እኮ ትጠባለች!" ብላ ጮኸች። የካቲት ሠላሳ የተወለደውንማ፣ ወሩን ፌብሩዋሪ ብለው ቢያስገቡት፣ ጭራሽ አልቀበልም አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ክው አልኩ። በእኛ አቆጣጠር እንደሚያስገቡት እንዴት አላሰብኩም? አቶ ቸኮል ብዕራቸውን ሲያወጡ፣ አለቀልሽ አልኩ በሆዴ።

ላስረዳ አፌን ስከፍት ገነቴ ቀደመችኝ፤ "ቆይ፣ እሱ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው። የኛን ማን ነገረው?" ከዚያ በኋላማ ማን ይስማኝ! አንዱ ስምንት እንደምር ሲል፣ ሌላዋ መስከረም ለተወለደው ሰባት ነው ትላለች፤ በአማርኛ የጀመሩትን ክርክር በሀዲይኛና በከምባትኛ ይጨርሱታል። በመጨረሻ ደንቡን ራሳቸው ደረጃ በደረጃ አውጥተው ለማሽኑ ሰጡት። ሕፃኗም ወደ ወራቷ ተመለሰች። ከማሌ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

አቶ ቸኮል ግን የጻፉትን አጥፈው ይዘው ወጡ። ውሳኔያቸውን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ትናንት ጠርተው፣ "ከመጪው ዓመት ጀምሮ ኮርሱ ለሁሉም ክፍል በዚሁ መንገድ ይሰጣል፤ አስተባባሪዋ አንቺ ነሽ" አሉኝ። ዛሬ ክፍል ስገባ ደግሞ ከገነቴ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደንግጬ ስቆም፣ "አስተምሪ እንጂ! እኔም እኮ ያለፍኩት በሽምደዳ ነው" አሉ።

አባባ ዱዓ እያደረገልህ ነው። እማማና ታናሻችን ዛሂራ ይስሙሃል። ለባለቤትህ ለጀሚላና ለልጃችሁ ለያሲን ናፍቆቴን አድርስልኝ።

እህትህ ሱመያ
ሆሳዕና፣ ግንቦት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.