ክፈቺልኝ

ጥቅምት 4
የሙሽራዋን ቀሚስ ጨረስኩ። ወገቡ ጠበበኝ ብላ ተቆጣችኝ... ስለካት ሆዷን ስባ ይዛ እኔ ምን ላድርግ?
ከሰዓት ታላቅ ወንድሜን ጋሼን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም። ዛሬ ግን አንጎራጎረ። ሚስቱ እትዬ በደስታ እጄን ይዛ አለቀቀችኝም። "ዘፈነልኝ እኮ!"

ጥቅምት 5
ዘፈን አይደለም።
እናታችን ማታ ሠርታ ቀን ነበር የምትተኛው። እንዳንቀሰቅሳት ብለን ከንፈራችንን ገጥመን፣ በማንጎራጎር ብቻ የምናወራበት ቋንቋ ፈጠርን። "ራበኝ" ወደ ታች ይወርዳል። "ክፈቺልኝ" ዝቅ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ከፍ ብሎ ይቀራል። ጋሼ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በቁልፉ ቀዳዳ ይለኝ ነበር። እማዬ "ልጆቼ ዘፈን ነፍሳቸው ነው" እያለች ለጎረቤት ትኩራራለች። ስንሰዳደብ እንደምንውል ብታውቅ...

ጥቅምት 9
ሐኪሙን ስለ ማንጎራጎሩ ጠየቅኩት። "ትርጉም አለው ብለው ነው? ዜማ ብቻ ነው" አለኝ። ታዲያ ቃል ምንድን ነው? ሁለት ሰው ከተግባባበት አይበቃም?
ጋሼ አየኝና አንጎራጎረ... ክፈቺልኝ። መስኮቱን ከፈትኩ። ራሱን ወዘወዘ። በሩን ከፈትኩ። እሱም አይደለም። በቋንቋችን "ምኑን?" ልለው አፌን ገጠምኩ። ጠፋኝ። እንዴት ሰው የገዛ ቋንቋውን ይረሳል? እኔ አለቀስኩ፣ በሽተኛው እሱ እጄን ዳበሰኝ።

ጥቅምት 10
ለእትዬ ልንገራት? "ላንቺ አልዘፈነም" ልበላት? አንጀቴ አልቻለም።

ጥቅምት 17
ጋሼ አረፈ።

ጥቅምት 29
ስፌት አልጀመርኩም። ልቤ ተሰብሯል፣ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 30
የጋሼን ልብስ ልናጣጥፍ እትዬ ቤት ሄድኩ። ሸሚዞቹ የሱን ጠረን አልለቀቁም። እትዬ ቁልፎቻቸውን እየቆለፈች ማንጎራጎር ጀመረች። ዝቅ ዝቅ... ከዚያ ከፍ። አንዲቷንም ድምፅ አልሳተችም።
"ዘፈኑን ታስታውሺዋለሽ?" አለችኝ።
በእጄ የነበረው ካልሲ ወድቋል፤ እኔ ተነስቼ በሩን ከፍቼ ቆሜያለሁ።
"ሰው መጣ እንዴ?"
"አይ... ማንም የለም።"
በሩን ግን መዝጋት አቃተኝ።