አባታችን ያልነገረን ቦታዎች

ባንታያን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለማልጠግብህ ታላቅ ወንድሜ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ መርከባችሁ የትኛው ወደብ ላይ እንደምትሆን ስለማላውቅ ሰላምታዬን ለሁሉም ወደብ ልኬልሃለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይ? አሁንም ለሃያ ሰው ሩዝ ቀቅለህ አንተ ቆመህ ነው የምትበላው? እናታችን «ቁጭ ብሎ ይብላ በይልኝ» ብላለች፤ ይኸው ብያለሁ። እሷ ደህና ናት። ዓሣ እየሰነጠቀች ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ጎረቤት ትሳደባለች፣ ጤነኛ ናት ማለት ነው። አባታችን ቀኝ ጎኑ አልተመለሰለትም፣ ንግግሩም ያው ነው። ግን ገንፎውን አሁን በግራ እጁ ራሱ ይበላል፤ እናጉርስህ ካልነው ይቆጣል። መቆጣቱ ጥሩ ነው ብላናለች ነርሷ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ጀልባውን ሽጡት» ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእናታችን ሳነብላት ግን እዚያ ላይ ስደርስ ዘለልኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ተናድጄብህ ነበር። አባታችን ካልተናገረ ዓሣው ያለበትን ቦታ የሚያውቅ የለም፣ ቦታ የማያውቅ ጀልባ ደግሞ ጣውላና ቀርከሃ ነው ብለሃል። ልክ ነህ። ልክ በመሆንህ ነው የተናደድኩት። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልጻፍልህ፤ በስልክ መልእክት ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ስታነበው ይገባሃል። ወረቀቱን የአክስታችን ልጅ በእጇ ለመርከቡ ወኪል ትሰጥልኛለች።

አባታችን ቦታዎቹን እንዴት እንደሚደብቅ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶህ አብረኸው ስትወጣ እንኳ ፊትህን ወደ ኋላ አዙሮ ያስቀምጥህ ነበር፤ የተጣላችሁትም በዚሁ ነው። ከትልቁ አውሎ ነፋስ በፊት የቤተክርስቲያኑን ማማ ከረጃጅሞቹ ኮኮናቶች ጋር እያሰለፈ ነበር የሚያገኛቸው። ኮኮናቶቹ ሲወድቁ አሮጌ ስልክ ገዛና፣ አንተ ከሄድክ በኋላ፣ ባሕሩን እየዞረ አንድ በአንድ ካርታ ላይ መዘገባቸው። ስልኩን በዓሣ ማጥመጃ ክር አንገቱ ላይ አስሮ ነበር የሚውለው። ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም።

ባለፈው ወር ካርታው ያለበት አፕ ራሱን አደሰና የይለፍ ቃል ጠየቀ። አባታችንን ጠየቅሁት። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን ቃል አይሆንም። በመጨረሻ እንባው መጣና ተውኩት። ጠጋኝ ጋ እንዳልወስደው የማንን ቦታ ለማን አሳያለሁ? እዚህ ደሴት ላይ ስልክ የሚጠግን ሁሉ ወይ አባቱ ወይ አጎቱ ዓሣ አስጋሪ ነው። ስለዚህ እኔው ራሴ ጠጋኝ ሆንኩልህ።

አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። ስልኩን ሩት ካደረግሽው ይላል፣ ማለት ፋብሪካው ያቆመውን ዘበኛ አባርረሽ አንቺ የቤቱ ባለቤት ከሆንሽ፣ አፑ ውስጥ የተቆለፈውን ሁሉ ማውጣት ትችያለሽ። ሰውዬው ፈገግ እያለ አሥር ደቂቃ ውስጥ ጨረሰው። እኔም ከአስተማሪዋ ጎረቤታችን ላፕቶፕ ተዋስኩ። መጀመሪያ የነበረውን ፋይል ቅጂ አስቀምጪ ይላል፤ እኔ እቴ፣ ቸኩዬ ዘለልኩትና ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ፋይል ጫንኩበት። ስልኩ ጠፋ፣ በራ፣ የኩባንያውን ምልክት አሳየ፣ ደግሞ ጠፋ፣ ደግሞ በራ። ባትሪው እስኪያልቅ እንዲያ ሲል ዋለ። የሃያ ዓመት ልፋቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ አጠፋሁበት ብዬ ከዓሣ ማስጫው ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናታችን መጥታ አየችኝ። ምን ሆንሽ አላለችም፤ «እዚህ ቤት ዓሣ የሚያጠምድ ጠፍቶ ስልክ የሚያጠምድ መጣ» ብላ ፎጣ ወረወረችልኝ።

በማግስቱ ምርጫ ስላልነበረኝ ወደ ገበያው ሄድኩ። ሁለት ጠጋኞች አዩት፤ ሁለቱም ውስጡን ሙልጭ አድርገን ብናጠፋው እንደ አዲስ ይሠራል አሉኝ። ሳይነኩት ቀምቻቸው ወጣሁ። ሁለተኛው ሰውዬ አዘነልኝ መሰል፣ ሳያጠፋ ሊያነሳው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ያለው ዊልጁን አለኝ። የጋሽ ኮንራዶ ልጅ።

አሁን ሳቅህ ይሰማኛል። አዎ፣ እኚያው ጋሽ ኮንራዶ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሞተራቸውን አጥፍተው የአባታችንን ጀልባ ሲከተሉ የኖሩት። አባታችን እሳቸውን ለማሞኘት ብሎ ዓሣ በሌለበት ባዶ ውሃ ላይ ቀኑን ሙሉ ክር ጥሎ እንደዋለ አንተው ነህ የነገርከኝ። ከታመመ በኋላ ሙዝ ይዘው ሊጠይቁት መጥተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረባቸው። እንግዲህ የአባታችንን ቦታዎች ይዤ የዚያን ሰው ልጅ በር ላይ ቆምኩ። ሁለቴ አልፌው ሄጄ ነው የገባሁት።

ዊልጁንን ታስታውሰዋለህ፤ ጆሮ ትልቁ እያልክ ታሾፍበት ነበር። አሁን ጆሮው ከራሱ ጋር ተስማምቷል። ስልኩን ገና ሲያየው የማን እንደሆነ አወቀ፤ ያን ክር የማያውቅ የለም። ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ለምን እንዳደረግሁት ግን አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። የጫንሽበት የሌላ አገር ስልክ ፋይል ነው አለኝ፤ ስማቸው አንድ ነው፣ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። የዚህኑ ስልክ ትክክለኛ ፋይል አግኝተን ከመለስንለት የተቀመጠው ነገር አይነካም። ደግነቱ አባትሽ ሲገዛው ሻጩ ቀድሞ የፋብሪካውን ቁልፍ ከፍቶት ነበር፣ አለዚያ ገና ስትጀምሪ ሁሉም ይጠፋ ነበር። «ሁሉን አጥፋ» የሚለውን ነክተሽዋል ወይ አለኝ። አልነካሁም አልኩት። ጎበዝ ነሽ አለኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት ማንም በዚህ ጉዳይ ጎበዝ ያለኝ አልነበረም።

ፋይሉን ፈልጎ ለማውረድ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ የደሴቱን ኢንተርኔት ታውቀዋለህ። እኔም ሦስቱን ቀን ሱቁ ሲከፈት እገባለሁ፣ ሲዘጋ ስልኩን ይዤ እወጣለሁ። ትቼለት ልሂድ? በጭራሽ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እጁን እጁን አያለሁ። ሽንት ቤት ስሄድም ትከተይኛለሽ ወይ አለኝ። መከተል የተማርኩት ከአባትህ ነው አልኩት። ይቀየማል ብዬ ነበር፤ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ በኋላ እናታችን የምትቋጥርልኝን ሩዝና ደረቅ ዓሣ አብረን መብላት ጀመርን።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩ ምልክቱን አሳየ፣ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ተከፈተ። ያ አባታችን ስክሪኑ ላይ ያደረገው የጀልባችን ፎቶ ወጣ። ካርታው ግን አሁንም የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቦታዎቹን ለማውጣት እኔ ያበላሸሁትን ሥራ በትክክል እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፣ ያን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። ምን እንደምፈልግ ያን ጊዜ ነገርኩት። ከስልኩ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም በዚያች ደቂቃ አባቱን አየሁበት፣ ፈራሁ፣ ስልኩን ነጥቄ ልሮጥ አሰብኩ።

ሥራውን ሠርቶ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

«አሁን እኔ የማየው ግድግዳውን ነው» አለኝ። «የምልሽን ንኪ፣ የምታዪውን ፊደል ንገሪኝ። የቦታ ቁጥር ግን አንድም እንዳትጠሪ።»

ልብህ ይወቀው፣ እንዲያ ነው የሠራነው። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይናገራል፣ እኔ እየነካሁ በደብተር እገለብጣለሁ። አንዴ ተሳስቼ «አሥራ አንድ ነጥብ» ማለት ስጀምር ሁለት ጆሮውን ይዞ ጮክ ብሎ መዝፈን ጀመረ። ሱቅ የገባ ሰው አበዱ ብሎ ተመልሶ ወጣ። ስጨርስ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። አባቴ አሥራ አምስት ዓመት ባሕር ላይ ተከትሎት ያላገኘውን እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ባገኘው በምን ፊቴ ነው አባቴን የማየው አለኝ። ይህን መልስ ቤት እስክደርስ ሳስበው ነበር።

አርባ አንድ ቦታ ነው ወንድሜ። ሁሉም ስም አለው፤ አባታችን ቀልድ አልቆበት አያውቅም መቼም። «የጥርስ ሕመም» የሚባል አለ፣ «ሚስቴ አታውቅም» የሚባል አለ። አልጋው ጎን ተቀምጬ አንድ በአንድ አነበብኩለት። «የኮንራዶ እንባ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀ። በግማሽ አፉ ነው፣ ድምፁም እንደ ሳል ነው፣ ግን ሳቅ ነው። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እናታችን ከጓሮ ሮጣ መጣች፣ የታነቀ መስሏት።

ያን ጊዜ ማን እንደጠገነልኝ ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። ግድግዳውን፣ ጆሮውን፣ ዘፈኑን ሁሉ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ነገሩ አከተመ ብዬ ነበር። በኋላ በግራ እጁ ደብተሩን ከእጄ ወሰደና አንድ ስም ላይ ጣቱን አኖረ፤ «የበኩሬ» ይላል። ለወንድሜ ልጻፍለት ወይ አልኩት። ገጹን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ቀጥሎ ደብተሩን ወደ ደረቴ ገፋና በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አመለከተ፣ ከዚያ እኔን አየ። እናታችን አንገቷን ነቀነቀች፣ ግን አልተቃወመችም።

«የበኩሬ» የተመዘገበበትን ቀን አየሁት። አንተ ተጣልተኸው በሄድክ በሳምንቱ ነው። በየዓመቱ በዚያው ቀን ወደዚያው ሄዷል፣ ስልኩ ላይ አለ። እኔ ምንም አልጨምርም፣ አንተው አስበው።

ስለዚህ ጀልባው አይሸጥም። ሰው የለውም ብለህ አትዘን፣ ሰው አለው። የቦታህን ቁጥር እዚህ አልጽፍልህም፤ ወረቀት ይጠፋል፣ መርከብ ላይም ዓይን ብዙ ነው። ስትመጣ እንድትዘጋጅ ያህል ግን፣ ያ የደቡብ ምዕራቡ የሃባጋት ነፋስ ከመጣ እዚያ ማዕበሉ ከጎን ስለሚመታ ሞተሩን ቀደም ብለህ ቀንስ። ከሰዓት በኋላ ውሃው ወደ ሰሜን ይጎትታል። በምሥራቅ በኩል መልሕቅ እንዳትጥል፣ ድንጋዩ ከያዘ አይለቅም፤ የእኛው እስካሁን እዚያው ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀምጦ አብሮኝ የወጣው ዊልጁን ሁለት ጊዜ ጠልቆ ገመዱን ነካው እንጂ ሊያወጣው አልቻለም። ሦስተኛ ልግባ ሲል እኔ ከለከልኩት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ባለፈው እሑድ ጋሽ ኮንራዶ የራሳቸውን አሮጌ መልሕቅ ተሸክመው ቤት መጡ። በሩ ላይ አስቀመጡት፣ ከአባታችን ጎን ቁጭ ብለው ሙዝ ልጠው ሰጡት፣ እሱም ተቀብሎ በላ። የኛው የት እንደጠፋብን አልጠየቁም።

ቅዱሱ ሕፃን መርከብህን በመዳፉ ይያዝልህ። ነፋሱ ከኋላህ ይሁን፣ እሳትህ አይጥፋ፣ ባሕሩ በወሰደህ መንገድ መልሶ ያምጣህ። የአባታችን ግራ እጅ ከዚህ ግርጌ ያለውን ጭረት ጭሯል፤ ፊርማው ነው፣ ሳመው።

የናፈቅካት፣ እጇ በገመድ የሻከረው፣

ታናሽ እህትህ