ባለቤቱ የዳነበት ክዳን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

የጊታሬ ቀጭኗ ክር ባደረባት ጽኑ ዝገት በዘይትና በጨርቅ ስትረዳ ቆይታ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት መለየቷን የምገልጽልህ በታላቅ ሐዘን ነው። ሟቿ በሕይወት ዘመኗ ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ከቃና የምትወጣ ነበረች። ሥርዓተ ቀብሯ በወጥ ቤቱ የቆሻሻ ቅርጫት ተፈጽሟል። ከእህቶቿ ክሮች በቀር አልቃሽ አልነበራትም። ሳጥን የሚሠራላት አንተ ነበርክ፤ አንተ ደግሞ ቀደምካት።

ይኸው ጀመረው ትላለህ። ቀልዴ ካልቀደመ ቁም ነገሬ እንደማይወጣ መቼም ታውቃለህ።

ክሯ ስትበጠስ የልጅ ልጄ ደንግጣ መጣች።

"አባባ፣ ምን ተሰበረ?"

"ዘመድ ሞተብኝ።"

"ይሄን አሮጌ እንጨት ለምን አትጥለውም? አዲስ እንገዛልሃለን።"

"አዲስ አያትስ ለምን አትገዢም?"

"የት ይሸጣል?" አለችኝ። የእኔ ደም ናት፣ ምን ትሆናለች።

ለምን እንደማልጥላት ልነግራት ጀመርኩ፤ ቀልድ ብቻ ሲወጣኝ ተውኩት። ስለዚህ ለሚያውቀው ሰው ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ አንተ ሬሳ ሳጥን ሠሪው ዘንድ ተቀጥረህ ነበር። እኔ ደግሞ ሬዲዮው ላይ ተለጥፌ የምውል ሥራ ፈት። "ኤሌክትሪክ ጊታር ካላገኘሁ እሞታለሁ" ብዬ ስመጣብህ፣ ከመላጊያህ ቀና ሳትል "እንግዲያው ቁመትህን ንገረኝ" አልከኝ። በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ያለው ወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪ ታሞ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ቤተሰቡ ሰፊ ሳጥን አዘዘ። ሳጥኑ አለቀ፤ ሰውየው ግን ዳነ። ዳነ ብቻ አይደለም፣ በእግሩ መጣ። ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ክዳኑን በጣቱ ቆርቆር አደረገና "ትጠበኛለች" ብሎ ወጥቶ ሄደ። በዚያ ስፋት የሚሞት ሌላ ሰው ስላልተገኘ አሠሪህ አፍርሰው አለህ። ክዳኑን ለእኔ አስቀረህልኝ።

የጊታሯን ገላ ከክዳኑ ቆረጥክ፤ አንገቷን ከተሰበረ አልጋ ጠረብክ። ድምፅ የምትይዝበትን ማግኔትና ሽቦ ከሞተ ስልክ ጆሮ አወጣህ። ክሮቿን ከብስክሌት የፍሬን ገመድ ፈታታህ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀትህን አነሳህ። ፊቷን እንደነገሩ ዳበስ ዳበስ አድርገህ ተውከው። ጀርባዋን ግን ስትፈትግ ዋልክ።

"ኧረ ሰው የሚያየው ፊቷን ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"የሚያየውማ አይቶ ያልፋል። የሚያውቀው የሚነካው ነው።"

ሳጥኖችህንም እንዲሁ ነበር የምትሠራቸው። ውጫቸው ለወጉ ያህል፣ ውስጣቸው እንደ ሕፃን ጉንጭ። አሠሪህ "የሞተ ሰው ስንጥር አይወጋውም!" እያለ ይቆጣህ ነበር። አንተም በትሕትና "ሞተው ያውቃሉ እንዴ?" ትለው ነበር።

ድምፅ እንዲያጎላላት ሥራ ቦታህ ካለው ሬዲዮ ጀርባ የሰካናት ዕለት ጣቴ ክሩን ከመንካቱ ኤሌክትሪኩ አንስቶ፣ ክፍቱን ከተቀመጠ ሳጥን ውስጥ ዘረረኝ። ፀጉሬ ቆሞ፣ ጊታሯ ሆዴ ላይ ሆና እያጓራች፣ አንተ ቀስ ብለህ ሜትርህን አወጣህና "ከገባህ አይቀር ልለካህ" አልከኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ጫጫታ" ሆነ። እናታችን ካለፈች በኋላ እንዲያውም በሌላ ስም ጠርተኸኝ አታውቅም።

ስንት ሠርግ ተጫወትኩባት! ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር እየጨፈረ ይመጣና "ክዳኔ እንዴት ናት?" እያለ ይጮህብኝ ነበር። ኋላ የፋብሪካ ጊታሮች መጡልኝ፤ ውብ፣ የሚያብረቀርቁ። ሁሉም ሄዱ። እሷ ቀረች። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ "የሬሳ ክዳን ካለበት ክፍል አልተኛም" ብላ ኮሪደር ላይ እንድትሰቀል አደረገች። እኔም ሰው ሲተኛ ሄጄ ጀርባዋን ዳበስ አድርጌ እመለሳለሁ። አትሳቅ። አንተ የሠራኸው ለስላሳ ነገር እንዳለ ማረጋገጥ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ልጅህ ደወለችልኝ። "አጎቴ፣ ቶሎ ብትመጣ ይሻላል። ግን እንዳትደነግጥ፣ ማንንም አይለይም። እኔን ራሱ 'ሲስተር' ነው የሚለኝ" አለችኝ። ሌላውን አይለይ ይሆናል፣ እኔን ግን ይለያል ብዬ ተነሣሁ። አንተ ካላወቅከኝ ልጅነቴን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረማ። ጊታሯን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መጣሁ።

አልጋህ ላይ ተቀምጠህ የአልጋውን ጠርዝ በመዳፍህ ወዲያና ወዲህ ትፈትገው ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኩህ።

"ደህና ዋሉ? ይግቡ" አልከኝ።

አንቱ አልከኝ ጋሼ። ያን ያህል ዘመን ደደብ ብለኸኛል፣ ጫጫታ ብለኸኛል፣ አንዴ በመዶሻ አባረኸኛል፤ አንቱ ግን ብለኸኝ አታውቅም ነበር።

ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሬዲዮውን፣ መዶሻውን። ወሬ የሚያበዛ ደንበኛ እንደምትታገሥ ታገሥከኝ። ልጅህ ሳሕን አነሣለሁ ብላ ወጣች፤ የሚነሣ ሳሕን አልነበረም። ሲያልቅብኝ ጊታሯን ጉልበትህ ላይ አስቀመጥኳት። ፊቷን አላየኸውም። ወዲያው ገለበጥካት። አውራ ጣትህ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ጀርባዋ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ።

"በደንብ ተልጓል" አልክ። ከዚያ ቀና ብለህ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኸኝ። "ለማን ነው?"

"ለወንድሜ።"

"እግዜር ያጽናዎት። ቁመቱ?"

"እርስዎን ያህላል።"

ራስህን ነቀነቅህ። ጀርባዋን ስትደባብስ ቆየህና ድንገት ፊትህ በራ። "ጫጫታ!" አልከኝ።

ብዙም ሳትቆይ አለፍክ። የገዛንልህ ሳጥን የፋብሪካ ነው፤ ውጩ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሰው ሁሉ አማረ አለ። እኔ ግን እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ስንጥር ወጋኝ። ብርጭቆ ወረቀት አምጡልኝ ብዬ ተንበርክኬ መፈተግ ጀመርኩ። ተሸካሚዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ጎረቤትህ ጡረተኛው ሹፌር ትከሻዬን ይዞ "ይተውት፣ እሱ እንደሁ አይሰማው" አለኝ።

"ሞተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

እጁን ከትከሻዬ አነሣ። ልጅህ አጠገቤ ተንበርክካ ሌላውን ጎን ያዘች። እስኪለሰልስ ፈተግነው። እንዳንተ አልሆነም፤ ግን አይወጋም።

አሁን ይህን ደብዳቤ የልጅ ልጄ ብታገኘው "አባባ ዳቦ ጋጋሪውን ፈጠረው" ትላለች። ዳቦ ጋጋሪው እውነት ነው። ሳጥን ውስጥ መውደቄም እውነት ነው፤ ወገቤ ይመስክር። ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ቃል ብቻ ናት። ጫጫታ አላልከኝም ጋሼ። ፊትህም አልበራም። ጊታሯን በሁለት እጅህ አክብረህ መለስክልኝና፣ ለደንበኞችህ ሁሉ ትል እንደነበረው "ነገ ይምጡ፣ ይደርሳል" አልከኝ።

እሺ፣ እመጣለሁ። የጊታሯን ክር ልቀይርላት ብቻ። ውስጡን አለስልሰህ ጠብቀኝ፤ ስፋቱን ግን በዳቦ ጋጋሪው ልክ አድርገው፣ ሁለት ሆነን ነው የምንመጣው።

ታናሽህ፣
ጫጫታ