አርባ ታብሌት በዳንቴል ሥር

ሰኞ

ዛሬ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ደብተሬን በጣቴ ሳሻሽ ዋልኩ። አላበድኩም። ያዘዙት ዳይሬክተራችን አቶ ደሳለኝ ናቸው። "ደብተራችሁን እንደ ታብሌት ያዙ! ጣት ወደ ግራ! ጣት ወደ ቀኝ! ፈገግ በሉ እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?" አርባ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ደብተር እያሻሸ ፈገግ አለ። በመስኮት ያየን ሰው ካለ ሰፈራችንን ጀሞን ለቆ ሳይሄድ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና አንድ ዩኒቨርሲቲ ከትምህርት ቤታችን ጋር "ትብብር" ጀመረና አርባ ታብሌት ሰጠን። ውስጡ ቤተ ሙከራ አለው ተባለ፤ በጣትህ ሽቦ ታገናኛለህ፣ አምፖል ይበራል። (እኛ ጋ ቤተ ሙከራ የሚል በር አለ። በሩን ስትከፍተው የተሰበረ ወንበር ነው ያለው።) ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ታብሌቶቹ ንብረት ክፍል ገቡ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

ሐሙስ ከዩኒቨርሲቲው ሊጎበኙን ይመጣሉ። ስለዚህ ልምምድ። በራሱ በታብሌቱ ለምን አንለማመድም? ቁም ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ንብረት ክፍል ያሉት እትዬ ወርቅነሽ ጋ፣ ሌላው የታብሌት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ። ሰብሳቢው ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄደዋል። ቁልፉም ለቅሶ ሄዷል።

እንግዶቹ ፊት የምናገረው እኔ ነኝ። "አንቺ ማህሌት፣ መቼም ምላስሽ ሥራ ፈቶ አያውቅም፤ እስቲ ለአንድ ቀን ለትምህርት ቤትሽ ይሥራ" አሉኝ ዳይሬክተሩ። የምለውንም ራሳቸው ጽፈው ሰጡኝ፦ "ታብሌቱን በየቀኑ እንጠቀማለን። በዚህም ውጤታችን በእጅጉ ተሻሽሏል።"

በእጅጉ! በአሥራ ስድስት ዓመቱ በእጅጉ የሚል ሰው አሳዩኝ።

ማክሰኞ

ፊዚክስ። ቲቸር ግርማ ሰሌዳው ላይ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ሳለ። "አሁን አምፖሉ በራ" አለን። እኛም "በራ" ብለን ጻፍን። ጓደኛዬ ጫልቱ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሁለተኛ አምፖል ብንጨምርበትስ?"

"ይደበዝዛል።"

ሁለተኛውን ሳለው። እኩል ደማቅ ነው። ጠመኔ ምን ያደብዝዘዋል?

ከክፍል በኋላ ጠመኔ ልናመጣ ነው ብለን ንብረት ክፍል ገባን። ቁም ሣጥኑ የመስታወት በር አለው። ታብሌቶቹ ተደርድረዋል፣ ላያቸው ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል። በእጅ የተሠራ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ እንደ ሙሽራ ቤት ቴሌቪዥን!

"እትዬ፣ ለታብሌት ዳንቴል?"

"አቧራ እንዳይነካው ነዋ።"

"እሱስ አቧራም አልነካው፣ ሰውም አልነካው። አንዴ ብቻ እንያቸው፣ በናትዎ።"

"አይሆንም!" አሉ። "የፈረምኩት እኔ ነኝ። አርባ ብዬ ተረክቤያለሁ፣ አርባ አስረክባለሁ። ልጅ ሲሰብረው በልጁ ስም የሚጻፍ መሰለሽ? በወርቅነሽ ስም ነው። በፊት የነበርኩበት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ፕሮጀክተር ጥሎ ሰበረ። ሦስት ዓመት በየቢሮው የተመላለስኩት ግን እኔ ነኝ።"

ልቀልድ ነበር። ግን የዳንቴሉን ጫፍ አስተካክለው አርባውን እንደገና በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁና ቀልዴን ዋጥኩት። (ቀኑ ይመዝገብልኝ። ቀልድ ስውጥ የመጀመሪያዬ ነው።)

እትዬ ወርቅነሽ ፊርማቸውን ይፈራሉ። ዳይሬክተሩ ዩኒቨርሲቲውን ይፈራሉ። ቲቸር ግርማ ዳይሬክተሩን ይፈራል። እኛ ሁሉንም እንድንፈራ ይጠበቅብናል። ታብሌቶቹ ብቻ ማንንም አይፈሩም፤ ተኝተዋል።

ረቡዕ

ሰብሳቢው ከነቁልፋቸው መጡ። ቁም ሣጥኑ አምስት የኮሚቴ አባላት ባሉበት በቃለ ጉባኤ ተከፈተ። ቃለ ጉባኤው ከመክፈቱ ይልቅ ረዘመ። ታብሌቶቹ ቻርጅ ሊደረጉ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ፣ ወዲያው መብራት ጠፋ፣ አቶ ደሳለኝ ጣሪያውን አዩ። መብራቱ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ።

ከመሄዳችን በፊት ዳይሬክተሩ ሰበሰቡን። "ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ካልተሠራበት ዩኒቨርሲቲው ታብሌቱን አንሥቶ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ስለዚህ ስትጠየቁ፣ በየቀኑ! በየቀኑ ነው የምትሉት።"

ይኸው ጭንቀቴ፦ ከዋሸሁ ታብሌቱ እኛ ጋ ይቀራል፣ ተመልሶ ዳንቴል ሥር ይገባል። እውነቱን ከተናገርኩ ይሄዳል፣ የሆነ ሰፈር ያለ ልጅ ይጠቀምበታል፣ እኔ ግን አልነካውም። ሁለቱም ያናድዳል።

"ዋሺ" አለች ጫልቱ። "ቢያንስ ቅርባችን ይሆናል።"

"ቅርብ ሆኖ ምን ይሠራልሻል? በመስታወት ልትስሚው ነው?"

አባዬን አማከርኩት። "ዳይሬክተሩ ያሉሽን በይ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ የሚያውቁት ነገር አለ" አለኝ። አባዬ የጀሞ–ሜክሲኮ ሚኒባስ ሹፌር ነው። መኪናው ጢም ብሎ እንኳ ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። ስለ እውነት እሱን ማማከሬ የራሴ ጥፋት ነው።

ሐሙስ

የዛሬው ብዙ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከረባት ያሰረ ሽማግሌ ጠብቄ ነበር። የመጣችው ዶክተር ሰላማዊት የምትባል ስኒከር ያደረገች ሴት ናት። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳይሬክተሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እትዬ ወርቅነሽ በር ላይ ሆነው ታብሌቶቹን ይቆጥራሉ። ቲቸር ግርማ "እንደተለመደው ታብሌታችሁን አብሩ" አለን።

አበራን። አርባው ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ ምን መጣ? "እንኳን ደህና መጡ። ቋንቋ ይምረጡ።"

ሁሉም ሰው ታብሌት ሲገዛ መጀመሪያ የሚመጣውን ነገር ያውቀዋል። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አዩ ዶክተር፣ ልጆቻችን በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የሚጀምሩት!"

ልሳቅ ነበር፣ ዶክተሯ ግን እኔን አየች። "በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ?"

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ በቃሌም ይዤዋለሁ። ቆምኩ። "በየቀኑ..." ብዬ ጀመርኩ፣ ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። "በየቀኑ የምንጠቀመው ጠመኔ ነው። ታብሌት ዛሬ ገና መንካታችን ነው። ሰኞ ግን በደብተር ተለማምደናል" አልኩና ደብተሬን አንሥቼ እንዴት እንዳሻሸሁት አሳየሁ። ጣት ወደ ግራ፣ ጣት ወደ ቀኝ፣ ፈገግታም ጨመርኩበት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። "ታዲያ ልውሰደው?" አለች።

ሳቁ ጸጥ አለ። ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"አይወስዱትም!" አልኩ። እየጮህኩ ነበር መሰለኝ። "የሚሄድበትም ቁም ሣጥን ይጠብቀዋል። እዚያም አንድ ሰው ብቻውን ፈርሞ ብቻውን ይፈራል። ፊርማውን ከእትዬ ወርቅነሽ ላይ አንሡና እኛ እንፈርም። አርባ ልጅ፣ አርባ ፊርማ። የሰበረ በስሙ ይጻፍበት።"

ዶክተሯ ብዙ ጻፈች። ስትወጣ ለዳይሬክተሩ "በሁለት ሳምንት ተመልሼ አያለሁ። ያኔም ካልተሠራበት እወስደዋለሁ" አለቻቸው። አቶ ደሳለኝ መኪናዋ ከግቢ እስክትወጣ እጃቸውን አውለበለቡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

"ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ነይ።"

ዓርብ

አባዬ የሰርግ ኮቱን ለብሶ መጣ። ጧት ሙሉ ሥራ ፈቷል፤ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ አስታወሰኝ።

"ልጅዎ በእንግዳ ፊት አዋርዳናለች" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ምላሷ የእናቷ ነው" አለ አባዬ። (እማዬ ትስማና!) በክርኑ ጎሰመኝ። "ይቅርታ ጠይቂ።"

"ስለጮህኩ ይቅርታ" አልኩ።

"ስለተናገርሽውስ?"

"ስለሱ አልጠይቅም።"

አባዬ ኮቱ ውስጥ አነሰ። ዳይሬክተሩ ቀይ እስክሪብቶ አነሡ፤ ስሜን የት ሊጽፉት እንደሆነ እንጃ። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳና እትዬ ወርቅነሽ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዘው ገቡ። አርባ የርክክብ ቅጽ፣ በእጃቸው መሥመር የተሰመረ።

"ተማሪው ይፈርማል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ጧት ይወስዳል፣ ማታ ያስረክበኛል።"

"ማን ፈቀደ?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ልጅቷ ትናንት ስትናገር እርስዎ ዝም አሉ። እኔ እንደፈቃድ ነው የወሰድኩት። ካልፈቀዱም ቁልፉ ይኸው፤ እርስዎ ይፈርሙና እርስዎ ይጠብቁት።"

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ዳይሬክተሩ እንደ ጋለ ብረት አዩት እንጂ አልነኩትም።

እትዬ ወርቅነሽ የመጀመሪያውን ቅጽ አባዬ ፊት አደረጉ። አባዬ እንደ ትራፊክ ክስ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ትሰብሪዋለሽ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"አልሰብርም በያ!"

"ትናንት ስላልዋሸሁ አይደል እዚህ የመጣኸው?"

ፈረመ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ነበር። ደረጃው ላይ "አንቺ ልጅ አንድ ቀን ታስገድይኛለሽ" አለኝ፣ ግን ከሰዓት ከትምህርት ስወጣ ጋቢና አስቀምጦ እስከ ቤት አደረሰኝ።

ቅዳሜ

ላፍቶ፣ እነ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። አባቷ የሰፈሩ የድሮ ገበሬ ናቸው፤ አሁን ጥቂት ላሞችና የሚከራዩ ክፍሎች ቀርተዋቸዋል። ቅጹን አልፈርምም ብለዋል። ምላሴን አሹዬ ነበር የሄድኩት።

"አባባ፣ ለትምህርት እኮ ነው።"

"ልጄ፣ ያኔም ለልማት ነው ብለውን ነበር" አሉኝ፣ በእጃቸው ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ እያሳዩ። "ያ ሁሉ የጤፍ ማሳ ነበር። ወረቀት አመጡ፣ ፈረምን። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ አልፈርምም።"

እኔ የምኖረው ከነዚያ ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ያሾልኩትን ምላሴን ሰበሰብኩ። "እውነትዎን ነው" ብቻ አልኩ።

ጫልቱ እስከ ታክሲ ስትሸኘኝ ድንጋይ እየረገጠች ነበር። "በእኔ ታብሌት ሁለታችን እንሠራለን" አልኳት። "በስሜ ነው የተፈረመው፤ ከማን ጋር እንደምጠቀምበት ቅጹ አይልም።"

ሰኞ

ሰላሳ አንድ ቅጽ ተፈርሞ ተመለሰ። ያልተፈረመለት ከተፈረመለት ጋር ተቀመጠ።

ፊዚክስ። ቲቸር ግርማ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ጠመኔውን ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣል። እኔና ጫልቱ ባትሪውን፣ ሽቦውን አገናኘን። በራ! እሷ ሁለተኛውን አምፖል ስትጨምር ሁለቱም ደብዘዝ አሉ። ጫልቱ "ደበዘዘ! ቲቸር፣ እውነትህን ነው!" ብላ ጮኸች። ቲቸር ግርማ ሮጦ መጣ፤ እሱም አይቶ አያውቅም ነበር ለካ። ላሳየው ብዬ ሳነሣው ከእጄ አመለጠ።

ድምፁን አልረሳውም። አንዱ ጥግ ላይ ረጅም ስንጥቅ። ትልቅ አፍ ነበረኝ፣ የት እንደገባ እንጃ።

ራሴ ይዤው ንብረት ክፍል ሄድኩ። እትዬ ወርቅነሽ ተቀበሉኝ፣ ገለባበጡት፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። አበሩት። በጣታቸው ወደ ግራ ሳብ፣ ወደ ቀኝ ሳብ አደረጉ። ከዚያ መዝገቡን ገልጠው ስሜ ፊት ቀስ ብለው ጻፉ፦ "ተሰንጥቋል። ይሠራል።"

"ፈርሚ" አሉኝ። ፈረምኩ። ታብሌቱን መልሰው በእጄ አስጨበጡኝ። "ምን ትገተሪያለሽ፣ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ሂጂ!"

አቶ ደሳለኝ ገና አልሰሙም። አባዬም አልሰማም፤ ዛሬ እራት ላይ እነግረዋለሁ፣ አልደብቅም። ዶክተሯ ስትመጣ ስንጥቁን አይታ ምን እንደምትል አላውቅም። እኔ ግን ሳልጠየቅ ነው የማሳያት።